የደብረ ብርሃን ባልትና በሻንጣ ሚዛን፦ ለውጭ ተጓዥ ምን ይሸመት፣ ምን ይቅር

ከሰሜን ሸዋ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ቪዛው ከተመታ በኋላ ቤት ውስጥ የሚነሳው ክርክር አንድ ነው፤ ሻንጣው። እናት በሶው እንዳይቀር ትላለች፣ አክስት ቅቤ ይዛ ትመጣለች፣ ጎረቤትም እዚያ ላለች ልጇ የምትልከው «ትንሽ ነገር» አይጠፋትም። ቦሌ ሚዛኑ ፊት ቁጢጥ ብሎ ሻንጣ የሚፈታ፣ ሽሮውን አውጥቶ ለሸኚ የሚመልስ መንገደኛ የሚታየው ለዚህ ነው። እዚህ የምንመዝነው የደብረ ብርሃንና የአካባቢዋ ባልትና ቤቶች ለተጓዥ የሚያዘጋጁትን ስንቅ ነው። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ በያዘው ኪሎ ልክ ይጠቅማል ወይ? ወራት ይቆያል ወይ? የሚሄድበት አገር ጉምሩክ ያሳልፈዋል ወይ? ዋጋ አንጠቅስም፤ የእህል ዋጋ ዛሬ ያለው ነገ አይገኝም።

ከዕቃው በፊት ኩሽናው ይታወቅ። ባልትና ቤቶቹ ለሁሉም መንገደኛ አንድ ዓይነት ዝርዝር ነው የሚያቀርቡት፤ ትልቁ ጉድለታቸውም ይኸው ነው። ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት ልትሠራ የምትሄድ ልጅ የራሷ ድስት የላትም። ወጥ ለመሥራት ሰዓትም ፈቃድም ያስፈልጋታል፤ የሽንኩርትና የቅቤ ቁሌት ቤቱን ሲያውደው ከአሠሪዋ ጋር ቅያሜ ሊመጣ ይችላል። ለእሷ የሚሆናት እሳት የማይፈልግ ስንቅ ነው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ትንሽ ሚጥሚጣ። አውሮፓ ለትምህርት የሚሄድ ልጅ ደግሞ ከሌሎች ጋር የሚጋራው ምድጃና ከማቀዝቀዣው አንድ መደርደሪያ ይደርሰዋል፤ ለእሱ ሽሮ ይቀናዋል። ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ ዘመድ ቤት የሚገባ ሰው ሙሉ ኩሽና ያገኛል፤ ግን የሐበሻ ሱቅም አብሮ አለ። እሱ ከዚህ መውሰድ ያለበት እዚያ የማይገኘውን ብቻ ነው። እነዚህ ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ሻንጣ ከያዙ ሁለቱ ተሳስተዋል።

የአካባቢው ስመ ጥር ዕቃ በሶ ነው። ደጋው የገብስ አገር ስለሆነ ጥሬው ቅርብ ነው፣ የሚያውቁት እጆችም ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ በሶ ሁሉ በሶ አይደለም፤ ስህተት የሚገባውም ከአሠራሩ ነውና ገዢ ቢያውቀው ይጠቅመዋል። ገብሱ ይለቀማል፤ ውሃ ተርከፍክፎበት ትንሽ ሲርስ በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ ገለባው ይበጠራል፤ እንደገና ፀሐይ ይመታዋል፤ ከዚያ ምጣድ ላይ እጅ ሳያርፍ እየተማሰለ ይቆላል፤ ሲበርድ ይፈጫል። ሰመሬታ የሚባለው ገብስ ገለባው ስለማይጣበቅበት የመሸክሸኩን ድካም ይቀንሳል።

የሸክሸካው ሥራ የተዘለለበት በሶ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ለመፈተን አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ለደቂቃ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ገለባ ካለው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። አቆላሉ ያነሰው ጥሬ ጥሬ ይላል፣ እርጥበትም አለበት፤ የበዛበት ደግሞ ይመራል። ቀለሙ የደረቀ ገለባ የመሰለ፣ ትንሽ ቡኒ ቢል ነው ደጉ። ሦስተኛውና በብዛት የሚያበላሸው ግን ወፍጮ ቤቱ ነው። ከወፍጮ የሚወጣ ዱቄት ትኩስ ነው። ያንኑ ትኩሱን ላስቲክ ውስጥ አድርገው ሲያሽጉት ያልበዋል፤ ላቡ ዱቄቱን ያጓጉለዋል፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላም የሻገተ ሽታ ይይዛል። መንገደኛ ነገ ነው በረራዬ ብሎ ሲያጣድፍ ባልትና ቤቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዱቄት ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር አለበት። ስለዚህ ትእዛዙ ከበረራው አንድ ሳምንት ቀድሞ ይሰጥ። ወፍጮው ከእናንተ በፊት በርበሬ ወይም ሽሮ ፈጭቶ እንደሆነም ጠይቁ፤ የመጀመሪያው ግማሽ ኪሎ ለብቻው ቢወጣ ይሻላል፣ አለዚያ በስኳር የሚጠጣው በሶ ያቃጥላል።

ለአንድ ብርጭቆ 3 የሾርባ ማንኪያ ሙሉ፣ ወደ 50 ግራም ገደማ ይሄዳል። በዚህ ስሌት 3 ኪሎ በሶ 60 ብርጭቆ ይሆናል፤ በየሁለት ቀኑ ለሚጠጣ ሰው 4 ወር ነው። ከዚያ በላይ መያዝ አይመከርም። ገብሱ ከተፈጨ በኋላ ያለው ቅባት አየር እየነካው ይሄዳል፤ በዐረብ አገር ሙቀት ደግሞ ይፈጥናል፣ ወራት ሲቆጠሩ ምላስ ላይ መራራ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ የሚሄድ ሰው ግማሹን ብቻ አስፈጭቶ ሌላውን ተቆልቶ ሳይፈጭ ቢወስድ የተሻለ ነው። ቆሎው ሳይበላሽ ይቆያል፤ በሶ ሲያምር በቡና መፍጫ እፍኝ እፍኙን መፍጨት ነው። ይህን ምክር የሚሰጥ ባልትና ቤት ብዙም አይገጥማችሁም፤ ዱቄት መሸጥ ይቀላቸዋል። በሰላሌ በኩል በሶው በንጥር ቅቤ ታሽቶ ጩኮ ሆኖም ይመጣል። ለጣዕሙ ተወዳዳሪ የለውም፣ ግን ቅቤው ያመጣበትን ጣጣ ወደ ታች እናያለን።

ከኪሎው አንጻር ከተመዘነ ግን አንደኛ የሚወጣው በሶ አይደለም፤ ጦስኝ ነው። ከመንዝ ጓሳና ከሌሎቹ ውርጫማ ከፍታዎች የሚለቀመው ጦስኝ 200 ግራሙ ለወራት ሻይ ይበቃል፣ ከሻንጣው ክብደት ላይ የሚጨምረውም ከቁጥር አይገባም። ሱፐርማርኬት ውስጥ «ታይም» ተብሎ የሚሸጠው የአውሮፓ ቅጠል ዘመዱ እንጂ እሱ አይደለም። ሲገዛ በጣት ታሽቶ ይሽተት። ፀሐይ ላይ የደረቀ ጦስኝ ነጣ ይላል፤ ሽታውን የያዘው ዘይት ስለተነነ ገለባ ሆኗል ማለት ነው። ጥላ ላይ የደረቀው አረንጓዴነቱ ሙሉ ለሙሉ አይጠፋም። አፈርና ሥር አብሮት እንዳይገባ በወንፊት ይነፋ፤ አፈር የያዘ ተክል የጉምሩክ ሰዎችን ዓይን ከሚስቡ ነገሮች የመጀመሪያው ነው።

በርበሬ ላይ የደብረ ብርሃን ባልትና ቤቶች ጎበዝ ናቸው ለማለት እንደፍራለን፤ ዛላው ከማረቆ ይምጣ ከሌላ፣ አቀማመማቸው የሸዋ ነው። ችግሩ እርጥበት ነው። ዛላው ተቀንጥሶ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በቀይ ሽንኩርት ተደልዞ እንደገና ካልደረቀ ሻንጣ ውስጥ ሻጋታ ያወጣል። በርበሬ ሲሻግት ደግሞ ለጉበት የሚጎዳ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊፈጥር ይችላል፤ ቁሌት ላይ ማብሰልም አያጠፋውም። እፍኝ ጨብጣችሁ ስትለቁት ተጣብቆ ኳስ ከሆነ አልደረቀም፤ መመለስ ነው። ጥቂቱን ውሃ ላይ በተን አድርጉ፤ ቶሎ ወደ ታች የሚሰምጥ ቀይ ደለል ካያችሁ ባዕድ ነገር ገብቶበታል። ጨውም በሚዛን ስለሚሸጥ ማብዛቱ ለአንዳንዱ ሻጭ ይጣፍጠዋል፤ በምላስ ሳይቀመስ አይገዛ። 2 ኪሎ ለአንድ ሰው ለዓመት የሚጠጋ ነው።

ሽሮ ላይ ምርጫው ነጭና ምጥን ነው። ለጋራ ኩሽና ምጥን ሽሮ ያሸንፋል፤ በርበሬውና ቅመሙ ውስጡ ስላለ ሽንኩርት ባይኖር እንኳ በውሃና በዘይት ብቻ ወጥ ይሆናል። ጠላቱ ነቀዝ ነው። እንቁላሉ ከዱቄቱ ጋር ገብቶ ይሄድና በኋላ ይፈለፈላል። እዚያ እንደደረሳችሁ የታሸገውን ሽሮ እንዳለ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ከ4 እስከ 7 ቀን ማቆየት እንቁላሉን ይገድለዋል። ስታወጡት ወዲያው አትክፈቱት፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ቢጠበቅ ጠል አይጠጣም።

ድርቆሽ የሚያሳዝን ዕቃ ነው። ይዘውት ሲሄዱ ብዙ ይመስላል፣ ሲበላ ግን አንድ ወር አያደርስም፤ ቦታውም ብዙ ነው። ከ1 ኪሎ እንጀራ 400 ግራም ያህል ድርቆሽ ይወጣል፤ ሌላው ውሃ ነበር። ወቅቱም ወሳኝ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ቀኑ ፀሐይ፣ አየሩ ደረቅ ስለሆነ በሁለት ሦስት ቀን ጥርት ብሎ ይደርቃል። የሐምሌና የነሐሴ ድርቆሽ ግን ቤት ውስጥ ጭስ ላይ የዋለ ነው፤ ጠርዙ ደርቆ መሐሉ ልስላሴ ይኖረዋል፣ ሻጋታ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። መሐሉን ሰብራችሁ ስሙት፤ ድምፅ ካላሰማ አልደረቀም። ከምንጃር ጤፍ በስሱ የተጋገረው ይመረጣል፤ የገብስ ቅልቅል የበዛበት መንገድ ላይ ይደቅቃል። አየር መጥጦ የሚያሽገው ማሽን ለሽሮና ለበሶ መልካም ነው፣ ድርቆሽን ግን ዱቄት ያደርገዋል፤ ካርቶን ውስጥ ይደርደር። የሰው ቤት ሠራተኛ ለሆነች ልጅ 2 ኪሎ ይገባታል፤ የመጀመሪያው ወር የሚከብደው እሷን ነው። ለሌላው 500 ግራም ለአመሉ ይበቃል።

ቅቤ ላይ ክርክሩ ይጠነክራል፤ ከአዲስ አበባ ሲመጣ በመንገድ ላይ ያለችው ሸኖ በቅቤ ስሟ የገነነ ነውና ማንም ሳይዝ መሄድ አይወድም። ለጋው ቅቤ በፍጹም አይያዝ። ውስጡ ውሃና አሬራ ስላለ በቀናት ውስጥ ይኮመጥጣል። ሲነጠር አረፋው ሙሉ ለሙሉ እስኪቆምና ድስቱ ሥር ያለው ዝቃጭ ቡኒ እስኪሆን ይጠበቅ፤ መንጨጭጨቱ ሳይቆም የወረደ ቅቤ ውሃ አለበት። በደንብ ከነጠረና ከተጠለለ ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት ይቆያል። ጥያቄው የት ነው የምትሄዱት የሚለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮችና እንግሊዝ ከእኛ አገር በመንገደኛ ሻንጣ የሚገባ የሥጋና የወተት ውጤት አይፈቅዱም፤ ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ፣ ጩኮም ጭምር። የእኛ ፍርድ፦ ለአውሮፓ ቅቤ አይያዝ። የዚያው አገር ጨው የሌለው ቅቤ ጥሩ ስለሆነ፣ ከዚህ የሚወሰደው ማንጠሪያው ቅመም ነው፤ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በጥቅሉ 300 ግራም። 5 ኪሎ ቅቤ ታነጥሩበታላችሁ። አሜሪካ ቋንጣ አታስገባም፤ ማንኛውንም ምግብ ደግሞ ለጉምሩክ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ያስመዘገበ ሰው ቢበዛ ዕቃው ይወሰድበታል፣ የደበቀ ሰው ይቀጣል።

ጤፍ ተሸክሞ መሄድ አያስፈልግም። አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ፣ አውሮፓም ኔዘርላንድስ ውስጥ ይመረታል፤ ዱቄቱ በሱቅ አለ። የሚያስፈልገው እርሾ ነው፤ እሱም ፕላስቲክ ላይ በስሱ ተቀብቶ፣ ጥላ ላይ ደርቆ፣ ተፈርፍሮ በአንድ ማንኪያ ልክ ቢያዝ በቂ ነው። እዚያ ሲደርስ በለብታ ውሃና በጥቂት የጤፍ ዱቄት ሁለት ሦስት ቀን ይመገባል። የሰው አገር አየር ግን የእኛን ሰዓት አያውቅም። ደብረ ብርሃን ሦስት ቀን የሚፈልግ ሊጥ ጅዳ ውስጥ በአንድ ቀን አልፎ ይኮመጥጣል፤ ስቶክሆልም በክረምት ደግሞ ሞቶ ይቀራል። ለብርዱ መላው፣ ምድጃው ሳይለኮስ መብራቱን ብቻ አብርቶ ሊጡን ውስጡ ማሳደር ነው። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ከበዛበት እርሾውን ያደክመዋልና አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዚህ የሚወስዱ አሉ። ሸክላው መሰበሩን እንተወውና፣ ለ220 ቮልት የተሠራ ምጣድ በ120 ቮልት አገር ሲሰካ ከኃይሉ ሲሶ እንኳ አይሰጥም፤ ቮልቱ በግማሽ ሲወርድ ሙቀቱ ወደ ሩብ ስለሚወርድ ነው። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ይደርቃል። አሜሪካ ያለ ሐበሻ ለፍሰ የሚባለውን የኖርዌይ ቂጣ መጋገሪያ ገዝቶ እንጀራ ይጋግርበታል፤ 16 ኢንች ስፋት አለው፣ ለዚያው አገር መብራት የተሠራ ነው። ዐረብ አገርና አውሮፓ መብራቱ ከእኛ ጋር ስለሚቀራረብ ይሠራል፣ ግን የሻንጣውን ግማሽ ክብደት ለምጣድ መስጠት አያዋጣም።

ከፍታውም የራሱ ነገር አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ 100 ይደርሳል። ንፍሮውና ክኩ እዚያ ቶሎ ይበስላል፤ እዚህ በለመዱት ሰዓት የተውት ምስር ገንፎ ይሆናል። ሽሮም ቶሎ ይወፍራል፣ ውሃው በዛ ይበል።

«አውሮፕላን ውስጥ ይፈነዳል» እየተባለ አዋዜና ማር ጥለው የሚሄዱ አሉ። ለደብረ ብርሃን ሰው ይህ ሥጋት ባዶ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ሻንጣ የሚጫንበትም ክፍል ሳይቀር አየሩ የሚጠበቀው 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ባልበለጠ ሁኔታ ነው፤ ይህ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ዝቅ ያለ ነው። እዚህ የታሸገ ዕቃ ወደ ውስጥ ይጨመደድ ይሆናል እንጂ አይነፋም። ማር የሚፈሰው ክዳኑ ላልቶ ወይም ሻንጣው ተወርውሮ ነው፤ ክዳኑ ሥር ላስቲክ ይነጠፍ፣ ዙሪያው በፕላስተር ይጠቅለል። ሁሉም ታች የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ። እጅ ላይ በሚያዘው ቦርሳ ፈሳሽ፣ ማርና ቅቤ ጭምር፣ ከ100 ሚሊ ሊትር ማለፍ አይችልም፤ ወደ አሜሪካ በሚበሩ ላይ ዱቄትም ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ጣጣ አለው።

ባልትና ቤቶቹ ክፉኛ የሚሰንፉት ማሸጊያው ላይ ጽሑፍ መለጠፍ ላይ ነው። ጥቁር ፌስታል ውስጥ የገባ ስም የለሽ ዱቄት የትኛውም አየር ማረፊያ ላይ ይከፈታል፤ የተቀደደ ከረጢት ደግሞ ማንም መልሶ አያሽግላችሁም። እያንዳንዱ ከረጢት ላይ በእንግሊዝኛና፣ ወደ ዐረብ አገር ከሆነም በዐረብኛ፣ ምን እንደሆነ ይጻፍ፦ የተቆላ የገብስ ዱቄት፣ የተፈጨ በርበሬ፣ የአተር ዱቄት። የተፈጨበት ቀንም ይግባበት። ባልትና ቤቱ ካልጻፈላችሁ ቤት ውስጥ በማርከር መጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከረጢቱ ኪሎ ኪሎ ሆኖ ይታሸግ፤ አንዱ ቢወሰድ ሌላው ይተርፋል፣ ሚዛን ሲያልፍም አንዱን መዞ ማውጣት ይቀላል።

ከምግብ ውጭ ያለው ሁለት ነው። የመንዝ ባናና የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብርድ ልብስ ለስዊድን ክረምት እንኳ አያስፈልጉም፤ የቤቱ ማሞቂያ ይበቃል፣ ሱፉንም ብል ይወደዋል። ጋቢ ይሻላል፤ ለአውቶቡስም፣ ለአውሮፕላኑም፣ ሲታመሙ ለመጠቅለልም ይሆናል፤ የሻንጣውን ኪሎ እንዳይነካ ትከሻ ላይ ይያዝ። አረቄ ደግሞ ወደ ሳዑዲና ወደ ኩዌት በቀልድም አይሞከር፤ እዚያ መጠጥ ወንጀል ነው፣ በውሃ ጠርሙስ መሆኑም አያድንም።

አሁን ሚዛኑ። ብዙ በረራዎች ላይ አንዱ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፤ ሁለት መሆኑንና አለመሆኑን ቲኬቱ ላይ አንብቡ። ባዶው ሻንጣ ራሱ 3 ወይም 4 ኪሎ ይበላል። ለጋራ ኩሽና የሚሆን ሻንጣ 3 ኪሎ በሶ፣ 4 ኪሎ ሽሮ፣ 2 ኪሎ በርበሬ፣ ግማሽ ኪሎ ድርቆሽ፣ 1 ኪሎ ቆሎ፣ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ የበለጠ ቅመምና ጦስኝ ቢይዝ 11 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለጎረቤት አደራ 2 ኪሎ ቢተው እንኳ ይተርፋል። አደራውን ግን ፈትታችሁ ሳታዩ፣ ከረጢቱንም ራሳችሁ ሳታሽጉ አትቀበሉ፤ ጉምሩክ ፊት የሚጠየቀው የሻንጣው ባለቤት ነው። መናኸሪያው አካባቢ ባለው ሚዛን 23 የመጣ ሻንጣ ቦሌ ላይ 24 ሊሆን ይችላልና ቤት ስትመዝኑ 22 ላይ አቁሙ።